ሆስፒታል ለምታስታምሙ፦ በሽተኛችሁ ላይ ሌላ በሽታ እንዳይጨመር

ነርስ ነኝ፣ ቀዶ ህክምና ዋርድ ውስጥ ብዙ አመት ሰርቻለሁ። ግን ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ስራዬ ሳይሆን አባዬ ታሞ እኔ ራሴ አስታማሚ ሆኜ 11 ቀን አልጋው ስር ካርቶን አንጥፌ ያደርኩበት ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ራውንድ ላይ ሀኪሙ የጎረቤት አልጋውን ሰውዬ ቁስል ነካክቶ በዛው እጁ ወደ አባዬ ዞሮ ፋሻውን ሊፈታ ሲል "ዶክተር እጅዎን..." የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እኔ እኮ ዋርዴ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሰው ስቆጣ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ! ይሉኝታ ያዘኝ በቃ፣ ቢያኮርፍስ አልኩ፣ አባቴን ችላ ቢልብኝስ አልኩ። ነርስ ሆኜ እኔ እንዲህ ካልኩ ከገጠር አባቱን በቃሬዛ ይዞ የመጣ ልጅማ ምን ይበል?

ስለዚ ይሄ ለአስታማሚ ነው፣ ለሀኪም አይደለም። እኛ አገር ሆስፒታል የተኛን ሰው የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ፖፖ የሚያቀርበው፣ ሽንቱን የሚደፋው፣ ጓንትና ሲሪንጅ ሳይቀር ውጪ ካለ ፋርማሲ ገዝቶ የሚመጣው አስታማሚ ነው። ዱቲ ላይ ያለችው ነርስ ስንት አልጋ ይዛ ስትሯሯጥ እንደምታድር ታዩ የለ። በሽተኛውን በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካው እጅ የናንተ እጅ ነው።

በሆስፒታል የሚያዝ ኢንፌክሽን የምንለው ሰውዬው ሲገባ ያልነበረበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገባ 48 ሰአት ካለፈ በኋላ የሚመጣበትን ነው። ስፌት ሲያመረቅዝ፣ የሽንት ቱቦ የገባለት ሰው የሽንት ቧንቧው ሲመረዝ፣ ግሉኮስ የተሰካበት እጅ አብጦ ነገሩ ወደ ደም ሲገባ፣ ተኝቶ የከረመ ሰው ሳንባ ምች ሲይዘው። የአለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ያወጣው ሪፖርት ላይ ሀብታም አገር ውስጥ ሆስፒታል ከሚተኛ 100 ሰው 7ቱ፣ እንደኛ ባለ አገር ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንዱ ይይዛቸዋል፣ ከተያዙት ደግሞ በአማካይ ከ10 አንዱ ይሞታል ይላል። የሆስፒታል ባክቴሪያ ደግሞ ሰፈር ውስጥ እንዳለው አይደለም፣ አንቲባዮቲክ ሲወርድበት የኖረ፣ የለመደ ነው። እነ ክሌብሴላና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ደረቅ የአልጋ ብረት ላይ፣ ኮመዲኖ ላይ ለሳምንታት ከዛም በላይ መቆየት ይችላሉ። ከዛ በሰው እጅ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ራሳቸው እግር የላቸውም።

እጅ

ሁሉም ሰው "እጅ መታጠብማ አውቃለሁ" ይላል፣ ችግሩ መች እንደሆነ ላይ ነው። አስታማሚ ብዙ ጊዜ እጁን የሚታጠበው ራሱ ሊበላ ሲል ነው፣ ማለትም ራሱን ለመጠበቅ። በሽተኛውን ለመጠበቅ ግን መታጠብ ያለባችሁ ልትነኩት ስትሉ ነው። ከውጪ እንደገባችሁ፣ ልታጎርሱት ወይ መድሀኒት ልትሰጡት ስትሉ፣ ቁስሉ ወይ ቱቦው አካባቢ እጃችሁ ከመድረሱ በፊት። ከዛ ደግሞ ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም፣ ትውከት ከነካችሁ በኋላ፣ እና ይሄን ሰው ይረሳል፣ የሌላ በሽተኛ አልጋ ከነካችሁ በኋላ። አስታማሚ የሌለውን የጎረቤት አልጋ ሰውዬ ደግፎ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ውሃ ማቀበል የኛ ሰው ወጉ ነው፣ ተዉት አልልም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በመሀል እጃችሁን ታጠቡ ነው የምለው።

በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ወይ ሳኒታይዘር ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ድረስ ማሸት። የጣት መሀል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ስር። ቀለበትና አርቴፊሻል ጥፍር ቤት ይቅር። ሳኒታይዘር ስትገዙ አልኮሉ ከ60 ፐርሰንት በታች ከሆነ አትግዙት፣ ሽታው ሽቶ ሽቶ ስላለ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እጃችሁ በአይን የሚታይ ቆሻሻ ካለበት ሳኒታይዘር አይሰራም፣ በሽተኛው ተቅማጥ ካለበትም ሳሙናና ውሃ ነው፣ ምክንያቱም ሆስፒታል ውስጥ ተቅማጥ ከሚያመጡት አንዱ ባክቴሪያ ዘር መሳይ ሆኖ ይደርቅና አልኮል አይገድለውም፣ መታጠቡ ነው አንሸራቶ የሚያወርደው።

ውሃ ከሌለስ? ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ቧንቧው በፈረቃ ነው፣ ቢመጣም ከዋርዱ ጫፍ ነው። እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ የሃይላንድ ክዳን በሞቀ ሚስማር ሶስት አራት ቦታ በስታችሁ ሁለት ሊትሩን ላስቲክ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙበት። ገልበጥ አድርጋችሁ ስትጫኑት እንደ ሻወር ይወርዳል፣ ከስር ባልዲ ታደርጋላችሁ። ትንሽ ውሃ ብዙ እጅ ያሳጥባል። አንድ ሳህን ውሃ ውስጥ ሁሉም ሰው እጁን እየነከረ መታጠብ ግን መታጠብ አይደለም፣ መካፈል ነው። ማድረቂያ ደግሞ ሶፍት ወይ በአየር፣ የነጠላ ጫፍ አይሆንም፣ እሱ ነጠላ እኮ ስንት ቦታ ሲያርፍ ነው የዋለው።

ስለ ጓንት ደግሞ። አንድ ጓንት አድርጎ ጠዋት በሽተኛውን አጥቦ፣ በዛው ስልክ አንስቶ፣ በዛው ብርቱካን የሚልጥ አስታማሚ አይቻለሁ፣ አንዳንዴ ባለሙያም። እንዲህ ሳይቀየር የዋለ ጓንት ያደረገውን ሰው ይጠብቅ ይሆናል እንጂ በሽተኛውን አይጠብቅም። ለአንድ ስራ አንዴ አድርጉት፣ አውልቁት፣ እጅ ታጠቡ። ታጥቦ ተሰጥቶ ሁለተኛ አይደረግም።

"ዶክተር እጅዎን" እንዴት ይባላል

በ1847 ቪየና ሆስፒታል ውስጥ ሰመልዋይስ የሚባል ሀኪም ነበር። የሬሳ ምርመራ ሰርተው በቀጥታ ወደ ማዋለጃ የሚመጡ ሀኪሞች ያሉበት ክፍል ውስጥ እናቶች ከወለዱ በኋላ በትኩሳት ያልቃሉ፣ አዋላጆች ብቻ ያሉበት ክፍል ግን ሞቱ በጣም ያነሰ ነው። ሰውዬው ሀኪሞቹን በክሎሪን እጅ አስታጠባቸው፣ የኛ በረኪና ዘመድ ማለት ነው። ሚያዝያ አካባቢ 18 ፐርሰንት ገደማ የነበረው ሞት በወራት ውስጥ ወደ 2 ፐርሰንት ገደማ ወረደ። አመሰገኑት? ብዙዎቹ ተቀየሙ፣ የኔ እጅ ነው እንዴ የሚገድለው ብለው። እንግዲህ ሀኪም ስለ እጁ ሲነገረው ቅር የሚለው ዛሬ የጀመረው አይደለም፣ የናንተ ፍርሀትም ከመሬት የመጣ አይደለም።

መላው ግን ቀላል ነው፣ አትጠይቁ፣ አቅርቡ። በማግስቱ ሀኪሙ ወደ አባዬ አልጋ ሲመጣ ሳኒታይዘሩን ይዤ ቆሜ "እንደምን አደሩ ዶክተር" እያልኩ ልክ ለእንግዳ እጅ እንደማስታጠብ ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁለት። ሰውዬው ምንም ሳያስብ ሁለት እጁን ዘረጋ! እኛ አገር እጅ አስታጥቡ ተብሎ ያላደገ የለም፣ የቀረበለትን እምቢ የሚል አላየሁም። ከዛ ቀን ጀምሮ ኮመዲኖው ላይ ከፊት ለፊት አስቀመጥኩት፣ የህክምና ተማሪዎቹም ሲመጡ ራሳቸው እያነሱ ያደርጉ ነበር። አፍ አውጥታችሁ መናገር ካለባችሁ ደግሞ በራሳችሁ ላይ አሳቡት፣ "ይቅርታ ሲስተር፣ እኔ በጣም ፈሪ ነኝ፣ ኢንፌክሽን እንዳይዘው ብዬ ነው" በሉ። የሚቆጣ ካለ የዋርዱን ሃላፊ ነርስ አናግሩ፣ መብታችሁ ነው።

ቱቦዎች

ሰውነት ውስጥ የገባ ቱቦ ሁሉ በር ነው። ስለዚ በየቀኑ ራውንድ ላይ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፣ "ይሄ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?" አንዳንዴ መልሱ "አይ፣ እንዲያውም ይውጣ" ነው፣ ረስተውት ነው። የሽንት ቱቦ በቆየ ቁጥር የመመረዝ እድሉ በየቀኑ ይጨምራል፣ ለአስታማሚ ስለሚመች ብቻ "ይቆይለት" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ።

ቱቦው እስካለ ድረስ የሽንት ከረጢቱ ሁሌ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። በሽተኛው ሲነሳ ወይ ወደ ራጅ ሲሄድ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ወይ ጭኑ መሀል ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ያ ማለት የቆየውን ሽንት መልሳችሁ ወደ ውስጥ ላካችሁት ማለት ነው። ስትደፉት ከታች ባለው መክፈቻ ብቻ፣ መክፈቻው ጫፍ እቃውን ሳይነካ፣ ለራሱ በተለየ እቃ። የጎረቤትን የሽንት መድፊያ እቃ አትዋሱ። ቱቦውና ከረጢቱ የሚገናኙበትን ቦታ በፍጹም አትንቀሉት። ገላው ሲታጠብ ቱቦው የሚገባበትን አካባቢ በሳሙናና በውሃ በቀን አንዴ፣ ሴት ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ።

ግሉኮስ የሚሰካባት ካኑላ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ትናቃለች። መች እንደገባች ቀኑን ያዙ። ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነካ ካመመው "ጠዋት እነግራለሁ" ብላችሁ አትደሩ፣ ያኔውኑ ንገሩ። ፕላስተሩ ከረጠበ ወይ ከተላቀቀ ይቀየር። ግሉኮሱ ሲቆም ራሳችሁ ነቅላችሁ ነፍታችሁ ልትሰኩ አትሞክሩ (አይቻለሁ፣ በአፉ የነፋ ሰው አይቻለሁ)። መድሀኒቱ ወደሚዋጥ ከተቀየረ ካኑላዋ ለምን ተቀመጠች ብላችሁ ጠይቁ።

ኦፕራሲዮን ካለው

ከቀዶ ህክምና በፊት ያለው ማታ ወይ ጠዋት ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ጸጉር ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳትላጩት፣ ለንጽህና ብላችሁ ነው ግን ምላጩ በአይን የማይታይ ጭረት ይተውና ባክቴሪያው እዛ ይሰፍራል፣ መነሳት ካለበት እነሱ በመቁረጫ ማሽን ያነሱታል። ስኳር ካለበት አትደብቁ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ የተሰፋ ቁስል ቶሎ አይድንም። የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፣ ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻላል። የመከላከያ አንቲባዮቲኩ ሰአት ያለው ነገር ነው፣ ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሁለት ሰአታት ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ ግዙ ተብላችሁ ከሆነ እስከሚጠሯችሁ አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ገዝታችሁ አስረክቡ።

ከወጣ በኋላ ፋሻው ላይ እጃችሁን አታሳርፉ፣ "እስቲ እንየው" እያሉ ለእያንዳንዱ ጠያቂ መግለጥ የለም። ቅቤ፣ ማር፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል አይደረግበትም። ጸበል በተመለከተ፣ እናቶቻችን ሳይረጩ አያድሩም፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ አልከለክልም፣ ግን ፋሻውን ማርጠብ፣ ቱቦው አካባቢ ማፍሰስ ይቅር፣ ግንባሩን ቀቡት። መጠጣት ከፈለገ ደግሞ መጠጣት ተፈቅዶለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ውሃም ክልክል ሊሆን ይችላል።

መስኮትና ጉርሻ

ዋርድ ውስጥ ትልቁ ጸብ መስኮት ነው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው "ብርድ መታው!" ብሎ ይዘጋል። ብርድ ሳንባ ምች አያመጣም፣ 8 በሽተኛና 8 አስታማሚ አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግቶ ሲተነፍስ ግን ቲቢም ጉንፋንም ይዞራል። በተለይ ማታ። በሽተኛውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ መስኮቱን ክፈቱት። ሲያስል የሚያድር ሰው አጠገብ ከሆናችሁ እሱ ማስክ እንዲያደርግ በትህትና ጠይቁ፣ ለነርሷም ንገሩ፣ አክታው ተመርምሮ እንደሆነ ማወቅ ለሁላችሁም ነው።

ጉርሻ ፍቅር ነው ግን ጀርባው ላይ የተንጋለለን ሰው ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ መላክ ነው። መጀመሪያ ቀና አድርጉት፣ ሀኪም ካልከለከለ በስተቀር በተኛበትም የራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ቢል ጥሩ ነው፣ አልጋው ማንሻው ከተበላሸ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከስር ክተቱ። አፉን በቀን ሁለቴ አጽዱለት፣ ብሩሽ ከሌለ የራሱ መፋቂያ፣ ያ ካልተቻለ በንጹህ ጎዝ። አፍ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ነው ተንሸራቶ ሳንባ የሚገባው፣ በተለይ ራሱን ለሳተ ሰው። ተነስቶ እንዲራመድ ከተፈቀደለት አራምዱት፣ "ድካም ነው ይረፍ" እያላችሁ አታስተኙት።

ጠያቂ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አስር ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ሁሉም ይስማል፣ ግማሹ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ አንዷ ህጻን ይዛ መጥታለች፣ አንዱ አፍንጫውን እየጠረገ ነው። ማን ይናገራል? ማንም። ስለዚ ከቤተሰብ አንድ አፉ የማይፈራ ሰው ምረጡና በር ላይ አቁሙት፣ ብዙ ጊዜ አንዲት አክስት አትጠፋም። "ዶክተሩ ከሁለት ሰው በላይ ከልክሏል" ትበል፣ ውሸት ቢሆንም ይሄኛውን ውሸት እኔ እቀበላለሁ። ጉንፋን ወይ ተቅማጥ የያዘው ከቤት ደውሎ ይጠይቅ። መሳም በእጅ ሰላምታ ይተካ፣ እሱም ከሳኒታይዘር በኋላ። ሙዝና ብርቱካኑ ችግር የለውም፣ ወጥ ግን በምሳ እቃ መጥቶ ኮመዲኖ ላይ ውሎ አድሮ መበላት የለበትም። በሽተኛው የተረፈውን ሌላው ሰው፣ ሌላው የተረፈውን በሽተኛው እንዳይበላ። ስልካችሁንም በቀን አንዴ በአልኮል ጥረጉት፣ ሽንት ቤት ይዛችሁት እንደምትገቡ አውቃለሁ።

አራስ ካላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡ፣ የሚቀባ ክሎረሄክሲዲን ከተሰጣችሁ እንደተነገራችሁ እትብቱ ላይ ብቻ፣ አይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፣ ከአይን ቅባት ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ህጻኑ ጡት መሳብ እምቢ ካለ፣ ከሞቀ ወይ ከቀዘቀዘ፣ እንቅልፉ ከበዛ ቶሎ ተጣሩ፣ አራስ ልጅ ኢንፌክሽን ሲይዘው ብዙ ምልክት አያሳይም።

በረኪናና መርፌ

ኮመዲኖውንና የአልጋውን ብረት በሳሙና ውሃ በየቀኑ ወልውሉት፣ ጽዳት ሰራተኞቹ ወለሉን ይጠርጋሉ እንጂ እጅ የሚያርፍበትን ሁሉ ላይደርሱ ይችላሉ። ደም ወይ ትውከት ከፈሰሰ ጓንት አድርጋችሁ መጀመሪያ በሶፍት አንሱ፣ ከዛ በረኪና። እቃው ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ አቆዩት። የተበጠበጠ በረኪና ለነገ አይሆንም። ከአሲድ ወይ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ቁስልም በበረኪና አይታጠብም።

መሬት ላይ የወደቀ መርፌ ካያችሁ ነርስ ጥሩ፣ ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፣ ቢጫዋ ሳጥን ለዛ ነው ያለችው። ከወጋችሁ በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድሀኒቱ በ72 ሰአት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ነው የሚሻለው፣ እዚህ ጋር ይሉኝታ የለም።

መች ነው የምትጮሁት

ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ፣ ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ወይ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ አዲስ ሳል ከጀመረው፣ በቀን ሶስቴና ከዛ በላይ ካስቀመጠው፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ድንገት ሲቀባዥር ("አረጀ" ብላችሁ አትለፉት)። ያኔ "ጠንከር ያለ መርፌ ይሰጠው" ብላችሁ ሀኪሙን አትጫኑ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሁሉም ነገር እየተወጋ ነው ባክቴሪያው መድሀኒት ለምዶ እዚህ የደረስነው። ይልቅ "ካልቸር ይወሰድለት ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድሀኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ ነው፣ ናሙናው አዲሱ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ነው ውጤቱ የሚታመነው። ላቦራቶሪው ሁሉ ቦታ የለም፣ ካለ ግን እንዳያልፋችሁ።

ደህና ሲሆንና ውጡ ስትባሉ ደግሞ "ትንሽ ቀን ይጨመርልን" አትበሉ፣ የሚጨመረው ቀን ኢንፌክሽን ሊጨምር ይችላል። የቀዶ ህክምና ቁስል ቤት ከገባም በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ካርዱንና የቀጠሮ ቀኑን አትጣሉ፣ አጥንት ውስጥ ብረት ከገባለት ደግሞ ሶስት ወር ድረስ አይናችሁን አትንቀሉ።

ስትገቡ የምትይዙት፦ ሁለት ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ሶፍት፣ የበሽተኛው የብቻው ኩባያና ማንኪያ፣ ትርፍ አንሶላ፣ ለሽንት የተለየ እቃ፣ ባልዲ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ፣ እስክሪብቶ (የካኑላዋን ቀን ለመጻፍ)፣ እና የተበሳ የሃይላንድ ክዳን። ክዳኑን ሶስት አራት አድርጋችሁ ያዙ፣ አንድ ቀን ካዩት የዋርዱ ሰው ሁሉ ይጠይቃችኋል።